ምዕራፍ አምስት፦ የሣር ጾም

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ወቅት ሲከፍሉት፥ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን መፀው፥ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለውን ሐጋይ ወይም በጋ፥ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ጸደይ፥ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ክረምት ብለው ሰይመውታል። ዛሬ ብዙ ሰው ጸደይ የሚለውን ስም ለመስከረም አበባ ቢሰጠውም፥ የአባቶች ቍጥር ጸደይን ያኖረው በበጋው ማለቂያና በክረምቱ መግቢያ መካከል፥ የበልግ ዝናም በሚያካፋበት፥ የደረቀው መሬት ርጥበት ቀምሶ ሣር ማብቀል በሚጀምርበት ወራት ነው። ይህ ምዕራፍ የሚናገረው ከዚያ ወራት መጀመሪያ ስላሉት ጥቂት ሳምንታት ነው፤ አንድ መስክ በዓመቱ ውስጥ ምን ያህል ከብት ሊመግብ እንደሚችል አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው፥ ሣሩ ጕልበት በሚያህልበት በነሐሴ ሳይሆን፥ ገና ከአፈር ብቅ በሚልበት በጸደይ መባቻ ነውና።

በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋ ያ ወራት እንዴት ያለ እንደ ሆነ ገበሬው ጠንቅቆ ያውቀዋል። ከአዝመራው በኋላ ከብቱ የተለቀቀበት የማሳ ቅሪት ተግጦ አልቆ፥ የጭዱ ክምር ከወገቡ በታች ወርዶ፥ የእርሻው በሬ የጎድን አጥንቱ ከሩቅ የሚቈጠር ሆኖ፥ ላሚቱም ወተቷ ነጥፎ፥ ሰውም እንስሳውም ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጥ ይሰነብታል፤ ከዚያም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፥ ከሕንድ ውቅያኖስ ርጥበት ተሸክሞ የመጣው ነፋስ ደመናውን በምሥራቅ በኩል ያከማችና የበልጉን ዝናም ያወርደዋል። ሳምንት ወይም ዐሥር ቀን ያህል ከቈየ በኋላ መስኩ ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ከብቶቹ ሽታውን ከሰው ቀድመው ይሰሙታል፤ በበረት የቀረበላቸውን ጭድ በአፍንጫቸው ገፍተው፥ ወደ በሩ ተጋፍተው ይንቈራጠጣሉ። እረኛውም፥ የተራበ እንስሳ አይቶ አንጀቱ የተላወሰ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፥ በሩን ይከፍትላቸዋል።

የዚህ በር አለጊዜው መከፈት ከርኅራኄ የሚመነጭ ስሕተት ስለ ሆነ፥ ከጭካኔ ከሚመነጨው ስሕተት ይልቅ ለመታረም ያስቸግራል። ሣሩን አይቶ ገደሉን ስላላየው በሬ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል፤ የጸደይ ገደል ግን በተራራ አፋፍ ላይ አይደለም፤ ከራሱ ከሣሩ ሥር፥ ዓይን በማይደርስበት በአፈሩ ውስጥ ነው፤ በሬውም ሣሩም ባለቤቱም አብረው ይወድቁበታል። ሰው በዓመቱ ውስጥ የጾም ወራት እንዳለው ሁሉ፥ መስክም ከብት የማይነካው የጾም ወራት ያስፈልገዋል፤ ያ ጾም በጸደይ መጀመሪያ ከተሻረ፥ የክረምቱ ዝናም ምንም ቢበዛ ጕድለቱን ለመሙላት ይቸግረዋል። የምዕራፉም ዐላማ ይህ ጾም ለምን እንደሚያስፈልግ፥ አባቶቻችን እንዴት ይጠብቁት እንደ ነበርና ዛሬ በምን መንገድ ልንጠብቀው እንደምንችል ማስረዳት ነው።

የመጀመሪያው ቅጠል ከምን ይሠራል?

ሣር እንደ ማናቸውም አትክልት ምግቡን የሚያዘጋጀው በቅጠሉ ነው፤ የፀሐይን ብርሃን ኀይል አድርጎ፥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ከአየር፥ ውሃውን ከሥሩ ተቀብሎ ስኳር ይሠራል። ነገር ግን በበጋ የደረቀ ሣር ሕይወት ያለው ቅጠል የለውም፤ ታዲያ የመጀመሪያው ለምለም ቅጠል ከየት ይመጣል? ሣሩ ባለፈው ክረምትና መፀው ለምለም ሳለ ከሠራው ምግብ ጥቂቱን ከፍሎ በአገዳው እግር፥ በሥሩና በመሬት ውስጥ ለውስጥ በሚሄደው ሐረጉ አኑሮት ነበርና፥ ዝናሙ ሲመጣ የመጀመሪያውን ቅጠል የሚያወጣው ከዚያ ከሰነቀው ስንቅ ነው።

እንግዲህ የጸደይ የመጀመሪያው ቡቃያ ለመስኩ ባለቤት ገና ትርፍ አይደለም፤ ገበሬ ከጐተራው ቀንሶ በማሳው ላይ እንደሚበትነው ዘር፥ ከተቀማጩ ወጥቶ ገና ያልተመለሰ ነው። ቅጠሉ እንደ ወጣ ቢነጭበት ሣሩ ከቀረችው ስንቅ ቈንጥሮ ሁለተኛ ያወጣል፤ ሁለተኛው ቢነጭበት ሦስተኛ ይሞክራል፤ በየጊዜውም የሚያወጣው ቅጠል እየቀጠነና እያጠረ፥ ስንቁም እየመነመነ ሄዶ፥ በመጨረሻ ዘሩን በልቶ እንደ ጨረሰ ቤተ ሰብ ባዶ እጁን ይቀራል። ሦስት ወይም አራት ቅጠል እስኪዘረጋ ድረስ የታገሡት ሣር ግን ቅጠሉ የሚያመርተው ከሚያወጣው በልጦ፥ ከጐተራው የተበደረውን መልሶ፥ ለባለቤቱ ግብር ለመስጠት ይበቃል። በጸደይ መጀመሪያ የተነጨች አንዲት ጕርሻ በሐምሌ የብዙ ጕርሻ ዋጋ የምታስከፍለው ስለዚህ ነው።

ይህ ሲባል ግን ሣር ለመበላት አልተፈጠረም ማለት አይደለም። የዛፍ ማደጊያ ከጫፉ ሲሆን የሣር ማደጊያ ግን ከእግሩ፥ ከመሬት ጋር ተጣብቆ ያለ ስለ ሆነ፥ ጫፉ ቢቈረጥ ከሥሩ ገፍቶ ያድጋል። ላም የላይኛው የፊት ጥርስ የላትም፤ ሣሩን በምላሷ ጠቅልላ ስለምትነጭ፥ ሣሩ ረዘም ያለ እንደ ሆነ ጥቂት ጣት የሚያህል ቁመት ታስቀራለች። በግ ግን የላይኛው ከንፈሩ የተሰነጠቀና ቀጭን ስለ ሆነ ወደ መሬቱ ዝቅ ብሎ ይነጫል፤ አህያና ፈረስም ከላይም ከታችም የፊት ጥርስ ስላላቸው እንደ መቀስ ይቈርጣሉ። በአንድ የተራበ መስክ ላይ ሦስቱ ወገኖች አብረው ሲሰማሩ፥ ላሚቱ ያስቀረችውን በጉ፥ በጉ ያስቀረውን አህያው እየቀነሰ፥ ከመሬት ጋር የተጣበቀው ማደጊያ ራሱ እስኪጐዳ ድረስ ይወርዳል።

ቅጠል ሲቈረጥ ሥር ምን እንደሚሆን ፍራንክሊን ክራይደር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጥናት በግልጽ አሳይቶታል። ይህ ሰው የሣሮችን ቅጠል በልዩ ልዩ መጠን እየቈረጠ የሥራቸውን እድገት ሲከታተል፥ ከቅጠሉ 40 በመቶ ሲወሰድ ሥሩ ማደጉን እንደማያቋርጥ፥ ግማሹ ሲወሰድም ጕዳቱ እጅግ ጥቂት እንደ ሆነ፥ 80 በመቶ ሲወሰድ ግን ሥሩ ሁሉ ለ12 ቀን፥ 90 በመቶ ሲወሰድ ለ17 ቀን ማደጉን ፈጽሞ እንደሚያቆም አገኘ። ከዚህ የምንማረው፥ ሣርን እኩሌታውን መብላትና ሙሉውን መብላት በብዛት ብቻ የሚለያዩ ሥራዎች አለመሆናቸውን ነው፤ እኩሌታው የተበላበት ሣር ሥራውን ሳያቋርጥ ይቀጥላል፤ እስከ መሬት የተነጨው ግን ለሁለት ሳምንት ተኝቶ ይታመማል፤ በየሳምንቱ የሚነጭ ከሆነም ከሕመሙ የሚድንበት ቀን አያገኝም።

የበልግ ዝናም ደግሞ የሚታመኑበት ዝናም አይደለም፤ አንድ ሳምንት ዘንቦ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ሥሩ ወደ ታች የጠለቀ ሣር ያን የፀሐይ ጊዜ ከጥልቁ ርጥበት እየሳበ ያልፈዋል፤ በመነጨት ብዛት ሥሩ ወደ ላይኛው አፈር ያጠረው ግን፥ ከዝናም ማግስት ለምልሞ በሳምንቱ ይጠወልጋል። ገበሬውም መስኩ የደረቀው በዝናም ማነስ ብቻ ይመስለዋል፤ ጥልቅ ሥር ያላቸው ሣሮች እየሞቱ፥ በቦታቸው ከብት የማይቀምሰው ዐረም እየነገሠ ሲሄድም መሬቱ አረጀ ይላል። መሬቱ ግን አላረጀም፤ በጸደይ የሚያርፍበት ጊዜ ስለ ተነፈገው ደክሟል።

ለከብቱስ ይጠቅማልን?

ሣሩ ቢጐዳም የተራበው ከብት ይጠገንበት እንደ ሆነ ነገሩ ክርክር ሊኖረው ይችል ነበር፤ ነገር ግን አዲሱ ቡቃያ ለከብቱም የሚመስለውን ያህል በረከት የለውም። 250 ኪሎ የሚመዝን አንድ ከብት በቀን ከክብደቱ 2.5 በመቶ የሚያህል፥ ማለት 6 ኪሎ ከሩብ፥ ውሃው ተለይቶ ሲታሰብ ደረቅ የሆነ መኖ ያስፈልገዋል። የጸደይ ቡቃያ ደግሞ ከ100 እጅ 80 እጁ ውሃ ስለ ሆነ፥ ከብቱ ያን መጠን ለማግኘት በቀን ከ30 ኪሎ በላይ ለምለም ሣር መንጨት አለበት። ቁመቱ ከጣት በማይበልጥ ሣር ላይ ይህን ያህል መሰብሰብ ቀኑን ሙሉ ቢውሉበትም የማይቻል ነውና፥ እንስሳው ከአንዱ አረንጓዴ ወደ ሌላው ሲሮጥ፥ በአፉ ካስገባው ይልቅ በእግሩ ያወጣው ጕልበት ይበልጣል። ሆዱ በውሃ ተነፍቶ የጠገበ መስሎ ይገባል፤ ሥጋው ግን በጭድ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ሊቀንስ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር የጨጓራው ነው። የሚያመሰኳ እንስሳ መኖውን የሚፈጨው ብቻውን አይደለም፤ በታላቁ ጨጓራው ውስጥ በዓይን የማይታዩ እልፍ አእላፍ ረቂቃን ፍጥረታት አሉ፤ ሣሩን የሚያፈርሱለት እነርሱ ናቸው። እነዚህ ረቂቃን እንደ ቀረበላቸው መኖ ወገናቸው የሚለወጥ ስለ ሆነ፥ ወራቱን ሁሉ ጭድ ሲያፈርሱ የኖሩት ለለምለም ሣር ወዲያው አይዘጋጁም፤ ለውጣቸው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይፈጃል። የኛ ሰው ይህን ጥበብ በራሱ ላይ ያውቀዋል፤ ሁዳዴን ጾሞ በፋሲካ ሌሊት ሲገድፍ ጾም የሰነበተ አንጀቱን በቅባትና በሥጋ ድንገት እንዳያስጨንቀው አስቀድሞ ተልባ ይጠጣል። ለከብቱ ተልባው ጭድ ነው፤ ጠዋት ከበረት ሳይወጣ ጭድ ወይም ድርቆሽ ጐርሶ፥ በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ሰዓት፥ ቀጥሎ ለሁለት ሰዓት እየተባለ ወደ ለምለሙ ቢሰማራ፥ ከተቅማጥና ከሆድ ሕመም ይድናል።

ይህ ጥንቃቄ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ማገጥ በበዛበት መስክ ላይ ነው። ማገጥ በደጋ አገራችን በብዙ ዓይነት የሚበቅል፥ መሬትንም ከብትንም የሚጠቅም መልካም ተክል ነው፤ ነገር ግን ገና ለጋ ሳለ የተራበ ከብት ድንገት ቢሞላበት በጨጓራው ውስጥ የሚፈጠረው አየር አረፋ ሆኖ ስለሚታገት መውጫ ያጣል፤ የግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ እርዳታ ካልደረሰለትም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። በተለይ ጠል ወይም ዝናም ያረጠበው ማገጥ አደገኛ ስለ ሆነ፥ ከብት በባዶ ሆዱ ወደዚያ እንዳይገባ መጠንቀቅ ግዴታ ነው። በቀዝቃዛው የአውሮፓ ምድርም በጸደይ ቶሎ ቶሎ የሚያድገው ሣር ማግኒዚየም የሚባለው ማዕድን ስለሚያንሰው፥ የሚታለቡ ላሞች ድንገት ተንቀጥቅጠው የሚወድቁበት ሕመም አለ።

በአጭር ሣር ላይ መዋል የሚያመጣው ሌላም ጕዳት አለ። የሆድ ትል እጭ የሚገኘው አብዛኛውን ከሣሩ ታችኛ ክፍል፥ ከመሬት ጥቂት ጣት ከፍ ባለው ስፍራ ስለ ሆነ፥ ሣሩን እስከ መሬት የሚነጭ በግ ከሣሩ ጋር ትሉን ይበላል። ሌላው መስክ ደርቆ ሳለ ረግረጉ ብቻ ለምልሞ ሲታይም መንጋው ሁሉ ወደዚያ ይጐርፋል፤ በረግረግ የሚኖረው ቀንድ አውጣ ደግሞ የጉበት ትል አሳዳሪ ስለ ሆነ፥ የጸደይ ረሃብ በመፀው ክሳትና ሞት ሆኖ ይገለጣል። መሬቱም ከዚህ ጕዳት አያመልጥም፤ ዋልካ አፈር ውሃ ጠጥቶ ሳለ የከብት ኮቴ ሲረግጠው እንደ ጭቃ ጡብ ተጠቅጥቆ አየሩ ይወጣል፤ ሲደርቅም ይጠነክርና የሚቀጥለው ዝናም ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ በላዩ ይጐርፋል።

ሲተኛ የሚበላ፥ ሲነሣ የሚተው

ሳይንስ በቍጥር የገለጠውን ይህን ነገር አባቶቻችን በልማድና በሥርዓት ደርሰውበት ነበር። ከእነዚህ ሥርዓቶች ሁሉ ይልቅ የሚደነቀው የመንዝ ጓሳ ነው። በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ ጌራ ምድር፥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋው፥ ስፋቱ 100 ስኩዌር ኪሎሜትር ያህል የሆነው ይህ ሜዳ፥ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፥ ስሙን ያገኘበት የጓሳ ሣር የሚበቅልበት ስፍራ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፥ ለገመድ፥ ለፍራሽ መሙያ ይሆናል፤ ሜዳውም ለከብት የክፉ ቀን መጠጊያ ነው። ይህን ሀብት ለመጠበቅ የአገሩ ሰው ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ፥ አስቦና ጌራ ከተባሉት አቅኚ አባቶች በወረደ ሥርዓት፥ ቄሮ ብሎ የሚጠራውን ደንብ አቁሞ ኖሯል።

በዚህ ደንብ መሠረት የሜዳው ተጠቃሚዎች ከአቅኚ አባቶቻቸው የትውልድ ሐረጋቸውን የሚቈጥሩ ባለ አጽመ ርስቶች ሲሆኑ፥ በሕዝብ ጉባኤ የመረጡት አለቃ ሥርዓቱን ያስከብር ነበር። ሜዳው ለ3 ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ 5 ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ በዚያ ጊዜ ሣር ማጨድም ከብት ማሰማራትም ክልክል ነው። ሣሩ ደርሷል፥ ወይም ድርቅ ጠንቷል ተብሎ የሚከፈትበት ቀን ሲወሰን፥ ዐዋጁ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ ይነገራል፤ አስቀድሞ ሣሩ ይታጨዳል፥ ከዚያ በኋላ ከብቱ ይገባል፤ ክረምቱ ሲገባም፥ በሐምሌ 5 ቀን በሐምሌ አቦ፥ ሰውም ከብትም ሜዳውን ለቅቆ ይወጣል። ሥርዓቱ በቤተ ክርስቲያን ግዝትና በማኅበሩ ቅጣት የታጠረ ስለ ነበር፥ የሚደፍረው ጥቂት ነበረ።

የዚህን ደንብ ምሥጢር ልብ ብሎ ለሚመረምር ሰው፥ ክራይደር በሙከራ የደረሰበት እውነት በውስጡ ይገኛል፤ መንዞች ሜዳቸውን የሚከፍቱት ሣሩ እድገቱን ጨርሶ በተኛበት በደረቁ ወራት፥ የሚዘጉትም ሣሩ በሚነሣበት በክረምቱ ነበርና። የተኛ ሣር ቅጠሉ ቢወሰድ ብዙ አይጐዳም፤ ስንቁን አስቀድሞ ወደ እግሩ አውርዶታል። ሲነሣ የተነጨ ግን በመንገድ ስንቁን የተዘረፈ መንገደኛ ነው። በሌሎችም አገሮቻችን ተመሳሳይ ጥበብ አለ፤ በትግራይ ሕዛእቲ የሚባለው ጥብቅ መስክ ለእርሻ በሬ ታጥሮ ይቈያል፤ በቦረናም ካሎ የሚባለው ክልል ለጥጆችና ለደካማ ከብቶች ተለይቶ ይጠበቃል።

የመንዙ ሥርዓት በአጽመ ርስት ላይ የቆመ ስለ ነበር፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ከመሠረቱ ጋር አብሮ ፈረሰ። ዐዋጁ ለብዙ ጭሰኛ የነጻነት ቀን እንደ ነበረ አይካድም፤ ነገር ግን ጠባቂ ያጣው ሜዳ ለመጣው ሁሉ ክፍት ሆነና ጕዳት ደረሰበት። ኋላ የአገሩ ሕዝብ ደንቡን ለዘመኑ እንዲስማማ አድርጎ እንደ ገና አቆመው፤ ዛሬም ጓሳ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ስፍራ ሆኖ ይኖራል። ለእኔ ይህ ታሪክ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ያለበት ነው፤ የሣር ጾም አንድ ሰው ብቻውን የሚጾመው አይደለምና፤ በወል መስክ ላይ አንዱ ሲታገሥ ሌላው ቢያሰማራ፥ የታገሠው ሰው መስኩንም ሣሩንም ያጣል። ስለዚህ ጾሙ የመንደር ሁሉ ቃል ኪዳን መሆን አለበት።

ለጾሙ የሚሆን ስንቅ

ከብቱን ከመስክ ከልክሎ ምን ያበሉታል? ይህን ጥያቄ ያልመለሰ ምክር ሁሉ ከንቱ ነው። ሁለት በሬ፥ ሁለት ላም፥ አንድ ጊደርና ዐሥር በግ ያለው ገበሬ እንውሰድ። አምስቱ ከብቶች እያንዳንዳቸው 6 ኪሎ ከሩብ፥ ዐሥሩ በጎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ከ1 ኪሎ በታች ቢመገቡ፥ በጠቅላላው በቀን 39 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ያስፈልጋል። መስኩን ለ45 ቀን ለመዝጋት ቢያስብ 17 ኩንታል ከግማሽ ገደማ ይሆናል፤ ድርቆሽ ራሱ ጥቂት ርጥበት ስለማያጣ 20 ኩንታል ብሎ መያዝ ይሻላል። እንግዲህ የጸደይ ጾም የሚወሰነው በጸደይ አይደለም፤ ከአምስት ወር አስቀድሞ፥ ማጭድ በሚሳልበት በመፀው ነው።

በመፀውም ቢሆን ከብዛቱ ይልቅ ጊዜው ይበልጣል። ሣር ማበብ ሲጀምር ቅጠሉ ብዙ፥ አገዳውም ለስላሳ ስለ ሆነ ምግብነቱ የተስተካከለ ነው፤ በብዙ የደጋ መንደር ግን አጨዳው እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ ይዘገያል፤ በዚያን ጊዜ ሣሩ እንደ እንጨት ጠንክሮ፥ ሥጋና ወተት የሚገነባው ፕሮቲን ወርዶ፥ ድርቆሹ ከጭድ ብዙም የማይሻል ይሆናል። በመኖው ውስጥ ፕሮቲን ከ7 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ በጨጓራ ያሉት ረቂቃን ሥራቸው ይዳከማል፤ ከብቱም ሆዱ ሞልቶ ሳለ ይከሳል። ስለዚህ የክረምቱ ዝናም አባርቶ ፀሐይ እንደ ወጣ፥ ሣሩ ሳያረጅ ማጨድ፥ በጥላ ሥር ወይም በክዳን ከምሮ ማስቀመጥ ተገቢ ነው። ጭድ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ጥቂት ፋጉሎ፥ አተላ፥ ወይም ከቤቱ አጥር የቈረጠውን የትሪ ሉሰርን ቅጠል ቢጨምርበት፥ ያ ጥቂት ነገር ጭዱን ሁሉ ሕይወት ይዘራበታል።

ስንቁን ለማብዛት የሚረዱ ተክሎችም አሉ። ከጋሞ ደጋ፥ ከጨንቻ የተስፋፋው ደሾ ሣር በእርከን ላይ ተተክሎ አፈሩን እየያዘ በየጊዜው ይታጨዳል፤ የዝሆን ሣር ሙቀትና ርጥበት ባለበት ቦታ ብዙ ምርት ይሰጣል፤ አጃና ቬች ተቀላቅለው ሲዘሩ አንዱ ብዛትን፥ ሌላው ፕሮቲንን ያመጣል። ስንቁ ለሁሉ ካልበቃ ግን ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገባ አሉ፤ እነርሱም ሊያርስ የተጠመደ በሬ፥ ልትወልድ የቀረበች ላምና የሚጠባ ጥጃ ናቸው። የማይሠራውንና የማይወልደውን በጥር፥ ገና ሥጋ ሳለው መሸጥ፥ በመጋቢት አጥንቱን ከመሸጥ ይሻላል።

መቼ ይከፈት፥ እንዴትስ ይከፋፈል?

በፈረንሳይ አገር፥ በኖርማንዲ፥ አንድሬ ቮይዘን የተባለ ገበሬና ሊቅ (1903–1964 እ.ኤ.አ.) ላሞቹን በመስክ ላይ በትዕግሥት ሲመለከት ኖሮ፥ ስለ ሣር ምርት በጻፈው እ.ኤ.አ. በ1957 በታተመው መጽሐፉ ይህን አስተማረ፦ የተበላ ሣር መጀመሪያ በዝግታ፥ ከዚያ እጅግ በፍጥነት፥ በመጨረሻም እንደ ገና በዝግታ ያድጋልና፥ ከብት ሊመለስበት የሚገባው የፍጥነቱን ዘመን ከፈጸመ በኋላ ነው። በእርሱ አገር ይህ ዕረፍት በጸደይ 18 ቀን፥ በበጋቸው መጨረሻ 36 ቀን ያህል ነበር፤ ወቅቱና አገሩ ሲለወጥ የቀኑ ቍጥር ይለወጣል፤ ሕጉ ግን አይለወጥም።

ይህን ሕግ ወደ ሥራ የሚመልሰው መከፋፈል ነው። አንድ ገበሬ መስኩ 30 ቀን ማረፍ አለበት ብሎ ቢያስብና ከብቱ በአንዱ ክፍል 5 ቀን እንዲቈይ ቢወድ፥ 30 ለ5 ሲካፈል 6 ይሆናል፤ ከብቱ ያለበትን አንድ ሲጨምር መስኩን በ7 ይከፍላል። አጥር ባይኖረው የድንጋይ ምልክት፥ የእሾህ ቅርንጫፍ፥ ወይም ነቅቶ የሚጠብቅ እረኛ ይበቃዋል። ከብቱ ከአንዱ ክፍል የሚወጣው ሣሩ እኩሌታው ሲበላ እንጂ ሲያልቅ አይደለም፤ በየዓመቱም ጸደይን የሚጀምሩበትን ክፍል መለዋወጥ ያስፈልጋል፤ አንዱ ክፍል ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ጥቃት ከተቀበለ አንድ ቀን ይሞታልና። በኦሪት ለምድር በሰባተኛው ዓመት ዕረፍት የታዘዘላት ሲሆን፥ መስክን በሰባት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ዕረፍት መስጠት ከዚያ ጥበብ የራቀ አይመስለኝም።

የመክፈቻውን ቀን ለማወቅም ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። እረኛው ወደ በሩ ከመሄዱ በፊት፥ ከብቶቹ ጭዳቸውን ሲያመሰኩ፥ ብቻውን ወደ መስኩ ይውረድ። ተረከዙን በአፈሩ ላይ ይጫን፤ ውሃ ከተረከዙ ዙሪያ ብቅ ቢል መሬቱ ኮቴ ለመሸከም አልደረሰም። ደረቅ ቢያገኘው ጐንበስ ብሎ የሣሩን ቅጠሎች ይቍጠር፤ ሦስት ሙሉ ቅጠል ያልዘረጋ ከሆነ ቀኑ ገና ነው። ሦስት ቢሞላ፥ ላም በምላሷ እንደምትጠቀልል በጣቶቹ ጠቅልሎ ይንጨው፤ ሣሩ ከነሥሩ ተነቅሎ በእጁ ከቀረ፥ ወደ ቤቱ ተመልሶ ሌላ ሳምንት ይታገሥ፤ ቅጠሉ ተበጥሶ ሥሩ በመሬት ከጸና ግን ጾሙ ተፈጽሟልና፥ ወደ በረቱ ይመለስና በሩን ይክፈት።